ስለ ቪጋን ቤቶች፦ ከግርጌ ጀምራችሁ እዩ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በጉዞ ዓምዳችሁ ስለ ፊሊፒንሷ ቪጋን ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከነፎቶዎቹ አይተነዋል። ስለዚያች ከተማ በአማርኛ የሚጻፍ ብዙ ስለማይገኝ ደስ ብሎናል። ጽሑፉ ከተማዋን «ሳትነካ የቆየች»፣ ቤቶቿንም «ስፔናውያን የሠሯቸው» «የድንጋይ ቤቶች» ይላቸዋል። ነገር ግን ከላይ የወጣው ትልቁ ፎቶ፣ ልስኑ ረግፎ ቀይ ጡቡ ወለል ብሎ የሚታይበት ግድግዳ፣ «የስፔን ዘመን የጡብ ውበት» የሚል መግለጫ ተጽፎበታል። የአሮጌ ሕንፃ ጥገና የሚሠራ ሰው ያን ፎቶ ሲያይ ቆዳው የተገፈፈ ቤት ነው የሚታየው። የቪጋን ጡብ ዝናብ በቀጥታ እንዲመታው ታስቦ አልተሠራም፤ ኖራ ለብሶ እንዲኖር ነው። ይህን ያወቀ ጎብኚ ከተማዋን በሌላ ዓይን ስለሚያያት፣ ቦታ ከተገኘ የሚከተለውን ብታወጡልን።

መጀመሪያ «ስፔናውያን የሠሯቸው» ስለሚለው። ቪጋን ከማኒላ በስተሰሜን 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በሉዞን ደሴት ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በአብራ ወንዝ ደለል ላይ የተቀመጠች የኢሎኮስ ሱር ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ናት። ስሟ በወንዝ ዳር ይበቅል ከነበረ ቢጋኣ ከሚባል ተክል የመጣ ነው ይባላል፤ ተክሉ የእኛ ጎደሬ ዘመድ ነው። የስፔኑ ዘማች ሁዋን ደ ሳልሴዶ እ.ኤ.አ. በ1572 መጥቶ ቪያ ፈርናንዲና ብሎ ሰየማት (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችና ወሮችም በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። እሱ ከመድረሱ በፊትም ከቻይና በጀልባ የሚመጡ ነጋዴዎች የሚገበያዩባት ቦታ ነበረች። በከተማዋ ላይ የስፔን እጅ በግልጽ የሚታየው በመንገዱ አቀማመጥ ነው፦ አደባባዩ መሐል፣ ካቴድራሉና የአስተዳደሩ ሕንፃ ዙሪያውን፣ ከዚያ ቀጥ ቀጥ ብለው የሚቋረጡ መንገዶች። በመንገዶቹ ዳርና ዳር የቆሙትን ቤቶች ያሠሯቸው ግን በአብዛኛው ከቻይናውያንና ከአካባቢው ተወላጆች ከኢሎካኖዎች የተወለዱ ነጋዴዎች ናቸው። ሰፈራቸው እስከ ዛሬ ካሳንግላያን ይባላል፤ የቻይናውያን ሰፈር እንደማለት ነው። ገንዘቡ የመጣው ከኢንዲጎ ቀለም፣ ከትንባሆና ከሽመና ነው። አሁን ቆመው የምናያቸው ቤቶች አብዛኞቹ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እስከ 19ኛው መጨረሻ ባለው ጊዜ የተሠሩ ናቸው። ዩኔስኮ በ1999 የመዘገበው ክልል 17.25 ሄክታር ሲሆን 233 ታሪካዊ ሕንፃዎችን ይዟል።

«የድንጋይ ቤቶች» የሚለው ስህተት ከእናንተ የመጣ አይደለም። አገሬው ራሱ ባሃይ ና ባቶ ይላቸዋል፤ ትርጉሙ «የድንጋይ ቤት» ነው። ስሙ ግን ያታልላል። የዚህ ቤት ቅድመ አያት በምሰሶ ላይ ከመሬት ከፍ ብሎ የተሠራ የቀርከሃና የሣር ጎጆ ነው፤ ሀብታሙ ነጋዴ ያንኑ ጎጆ አተለቀውና እግሩን በጡብ ሸፈነው። ሸክሙን ከመሬት እስከ ጣሪያ የሚሸከሙት እንደ ሞላቬ ካለ ጠንካራ እንጨት የተጠረቡ ምሰሶዎች ናቸው። የምድር ቤቱ የጡብ ግድግዳ በብዙ ቤቶች የደርቡን ወለል እንኳ አይሸከምም፤ በምሰሶዎቹ ዙሪያ እንደ ቀሚስ የተጠመጠመ ነው። መሬት ሲንቀጠቀጥ እንጨቱ ይወዛወዛል፣ መገጣጠሚያው ይጮኻል፣ ግን ይመለሳል። ጡቡ ይሰነጠቃል፤ ቢወድቅም ደርቡ ቆሞ ሊቀር ይችላል።

ቪጋን ውስጥ ከማኒላ አካባቢ ለየት የሚል አንድ ነገር አለ፦ ጡቡ እስከ ደርቡ የወጣባቸው ቤቶች አሉ። ቀዝቃዛና ግርማ ያላቸው ቤቶች ናቸው፤ ለመንቀጥቀጥ ግን የባሰ የተጋለጡት እነሱ ናቸው። ሐምሌ 2022 በ27ኛው ቀን ጠዋት በጎረቤቷ በአብራ ክፍለ ሀገር የተነሣው መጠኑ 7.0 የደረሰ መንቀጥቀጥ ይህን አሳይቷል። ከላይ የረገፈው ጡብ መንገዱ ላይ ተከመረ። ከቪጋን ጎን ባንታይ በሚባለው ከተማ፣ ኮረብታ ላይ ለብቻው የቆመው አሮጌ የደወል ግንብም ከፊሉ ተናደ። የቪጋን ካቴድራል የደወል ግንብ ከቤተ ክርስቲያኑ 15 ሜትር ያህል ተነጥሎ የቆመው ለምን እንደሆነ ለጠየቀ ሰው መልሱ ይህ ነው። ግንቡ ቢወድቅ ሕዝቡ ላይ እንዳይወድቅ ነው። ካቴድራሉ ራሱ ከ1790 እስከ 1800 የተሠራ ሲሆን ወፍራም ድጋፎች አሉት፣ ቁመቱም ከስፋቱ አንጻር ዝቅ ያለ ነው። የአውሮፓን ካቴድራል ጠብቆ የሄደ ሰው ደንዳና ነው ሊል ይችላል። ምክንያቱ ግን የመሬቱ ጠባይ ነው።

አሁን ወደ ፎቶው እንመለስ። ያ ጡብ ለምን ተገለጠ?

ቪጋን ከባሕር ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የምትርቀው፤ መሬቱ ደለል ነው፤ ክረምቱም ከሰኔ እስከ ጥቅምት ያለ ዕረፍት ይዘንባል። ውሃ ከመሬት ተነሥቶ በጡቡ ውስጥ ሽቅብ ይወጣል፣ ከአፈሩ ያገኘውን ጨውም ይዞ። የኖራ ልስን ይህን ውሃ ያስተነፍሳል፦ ውሃው በልስኑ በኩል ተንኖ ይወጣል፣ ጨውም ልስኑ ላይ ይቀራል። ልስኑ ከዓመታት በኋላ ይበላል፣ ይረግፋል፣ ይታደሳል። የተፈጠረው ለዚህ ነው፤ ጡቡን ለማዳን ራሱ ይሞታል። ጡቡ ተገልጦ ከታየ ማለት ከልስኑ ሞት በኋላ የሚያድሰው ሰው አልመጣም ማለት ነው፤ ወይም አንድ ነጋዴ «ጡቡ ያምራል» ብሎ በመሮ ልጦታል።

ከዚህ የባሰው ሲሚንቶ ነው። ግንበኛው ልስኑ የረገፈበትን ቦታ አይቶ በጎ አስቦ ሲሚንቶ ይመርግበታል። ሁለት ሦስት ዓመት ጥሩ ይመስላል። ውሃው ግን መውጫ ሲያጣ ሽቅብ መውጣቱን ይቀጥላል፤ አንድ ሜትር ላይ ይቆም የነበረው እርጥበት ወደ ሁለት ይደርሳል፣ ከዚያም ግድግዳው ውስጥ የተቀበሩትን የምሰሶዎችና የአግዳሚዎች ጫፎች ያገኛል። እንጨቱ ይበሰብሳል። ምስጥ ደግሞ የረጠበ እንጨት ሽታው አያመልጠውም። ጨው ከሲሚንቶው ጀርባ ሲደርቅና ሲያብጥ የጡቡን ፊት ገፍቶ እንደ ዳቦ ፍርፋሪ ያረግፈዋል፤ በመጨረሻም ሲሚንቶው ራሱ የጡቡን ፊት ይዞ በሳንቃ ሳንቃ ይወርዳል። የጎንደርን ግንቦች የጥገና ታሪክ የሚያውቅ አንባቢ ይህን በደንብ ያውቀዋል፤ በጣልያን ወረራ ጊዜ በሲሚንቶ የተደረተው ኋላ እየተነሣ በኖራ መተካት ነበረበት።

ትክክለኛው ሥራ ምን እንደሚመስል በአጭሩ እነሆ። ኖራው ዱሮ የሚገኘው ከተቃጠለ የባሕር ዛጎልና ኮራል ነው። ሲሟሟ ኖራው ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው በኖራው ላይ አይደፋም፤ ይፈላል፣ ይተፋል፣ ዓይን ያጠፋል። የሟሟው ተጣርቶ፣ ውሃ እንደሸፈነው ቢያንስ ሦስት ወር ይተኛል፤ በቆየ ቁጥር እንደ ቅቤ ይለሰልሳል። ማልታው አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ አሸዋ ነው፤ አሸዋው የወንዝ፣ ሻካራና የታጠበ መሆን አለበት። የባሕር ዳር አሸዋ ቅርብ ነው ብሎ የተጠቀመ ሰው ጨውን በገዛ እጁ ግድግዳው ውስጥ ቀበረ ማለት ነው። በኢሎኮስ ሳብሎት የሚባል ዛፍ ቅጠል ተዘፍዝፎ የሚወጣው ዝልግልግ ውሃ ይጨመርበት ነበር፤ የሸንኮራ አገዳ ሞላሰስም እንዲሁ። አስጎብኚዎች የሚወዱት የእንቁላል ነጭ ወሬም አለ። እንቁላሉ ኖረም አልኖረ፣ ሥራውን የሚሠሩት ኖራውና ትዕግሥቱ ናቸው።

ከዚያ የጡቡ መጋጠሚያ እስከ 2.5 ሴንቲ ሜትር ድረስ ይፋቃል፣ አቧራው ይጠረጋል፣ ግድግዳው ውሃ መጠጣት እስኪያቆም ይረጥባል። ልስኑ በሁለት ወይም በሦስት ዙር ይለሰናል፤ እያንዳንዱ ከ1 ሴንቲ ሜትር ብዙም መብለጥ የለበትም። ወፍራም ከሆነ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ፀሐይ ቶሎ ካደረቀው ደግሞ ዱቄት ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ እርጥብ ጆንያ ለአንድ ሳምንት ያህል ይንጠለጠልበታል። የመጨረሻው ቅብ እንደ ወተት የቀጠነ ኖራ ነው፤ አራት አምስት ጊዜ ይቀባል። ሰዎች ብዙ ጊዜ እስከዚህ ድረስ በትክክል ሠርተው መጨረሻ ላይ ፕላስቲክ ቀለም ይቀቡበታል፤ ያን ጊዜ የቀደመው ልፋት ሁሉ ከንቱ ነው፤ ቀለሙ ያፈናል።

እንግዲህ አንባቢያችሁ ቪጋን ቢሄድ፣ ቀና ብሎ መስኮቱን ከማየቱ በፊት ጎንበስ ብሎ የግድግዳውን የታችኛውን አንድ ሜትር ይይ። ነጣ ያለና ለስላሳ ከሆነ፣ አንዳንድ ቦታም ቢቦረቦር፣ ጤነኛ ነው። ግራጫና ጠንካራ ሆኖ ከበላዩ የእርጥበት መስመር ካሰመረ፣ ሲሚንቶ ነው። በጣት መገጣጠሚያ ቀስ ብሎ ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ልስኑ ከጡቡ የተላቀቀበት ቦታ ነው። መፋቅና መቆርቆር ግን ነውር ነው፤ የሰው ቤት ነው።

ከዚያ ቀና ይበል። የደርቡ መስኮት በቪጋን ከሚታየው ሁሉ የላቀ የአናጢ ሥራ ይመስለናል። መስታወት የለውም፤ በቀጫጭን የእንጨት ፍርግርግ ውስጥ በአራት ማዕዘን የተቆረጠ የካፒዝ ዛጎል ተሰክቷል። አንዱ ቁራጭ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ዛጎሉ ብርሃንን ያሳልፋል፣ ውጭ ያለውን ሰው ግን አያሳይም፤ የቀትር ፀሐይ በእሱ በኩል ሲገባ የወተት መልክ ይይዛል፣ ሙቀቱም ይበርዳል። ክፈፉ በቦይ ላይ ወደ ጎን ስለሚንሸራተት የክፍሉ አንድ ጎን ከጥግ እስከ ጥግ ሊከፈት ይችላል። ከመስኮቱ ደፍ በታች ደግሞ ቬንታኒያ የሚባል ሁለተኛ ትንሽ መስኮት አለ፤ በእንጨት ወይም በብረት ዘንግ የታጠረ ነው። ትልቁ መስኮት በዝናብ ቢዘጋም አየር በእግር በኩል ይገባል፣ ሕፃንም አይወድቅም። አንድ ዛጎል ሲሰበር የክፈፉ ጠርዝ ተፈትቶ ያ ቁራጭ ብቻ ይቀየራል። ችግሩ ሰዎች ይህን ትተው መስታወት ወይም የዛጎል መልክ ያለው ፕላስቲክ ሲያስገቡ ነው። መለየት ቀላል ነው፦ እውነተኛው ዛጎል አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም፣ ደም ሥር የመሰለ መስመርም አለው። ሁሉም ቁራጭ አንድ ዓይነት ከሆነ ፋብሪካ ነው።

በትልቁ በር ሲገቡ ያለው ሰፊ የምድር ቤት ሳጓን ይባላል። ሠረገላና ለበዓል የሚወጣ የቅዱሳን ምስል መሸከሚያ ይቆምበት ነበር፣ ጎኑ የትንባሆና የሩዝ ማስቀመጫ ነበር። ሰው አይኖርበትም፤ እርጥበቱንና ጎርፉን ስለሚያውቁት ኑሮው ደርብ ላይ ነው። ዛሬ በካልዬ ክሪሶሎጎ መንገድ ላይ ሳጓኖቹ በብዛት የመታሰቢያ ዕቃ ሱቅ ሆነዋል። ይህን የሚነቅፉ አሉ። ለእኛ ግን ሱቅ የሆነ ሳጓን ከተዘጋ ሳጓን ይሻላል፤ ባለሱቅ ቢያንስ ጣሪያው ሲያፈስ ያያል።

ስለ ጣሪያው አንድ ቃል፦ የመጀመሪያው ክዳን የሸክላ ንጣፍ ነበር፤ አሁን አብዛኛው ቆርቆሮ ነው። ቀናተኞች ይህንንም ቅርስ ማጥፋት ይሉታል። ቆርቆሮ ይሞቃል፣ በዝናብ ያደነቁራል፣ ግን ቀላል ስለሆነ በመንቀጥቀጥ ጊዜ ምሰሶዎቹን ያድናል።

«ሳትነካ የቆየች» ስለሚለው ደግሞ። ከተማዋ የተረፈችው በመጀመሪያ ገንዘብ ስላጣች ነው። ወንዟ በደለል ተሞላ፣ ጀልባ መድረስ አቆመ፣ ንግዱ ወደ ሌላ ሄደ፣ ሀብታሞቹ ማኒላ ገቡ። አፍርሶ አዲስ የሚሠራበት ገንዘብ ያለው ሰው አልነበረም። ሁለተኛው ምክንያት ጦርነት ነው፦ በ1945 ኢንትራሙሮስ የሚባለው በቅጥር የተከበበው አሮጌው የማኒላ ከተማ ዶግ አመድ ሲሆን ቪጋን ተረፈች። የከተማዋ ሰዎች የሚተርኩት አንድ ጃፓናዊ መኮንን እዚያ ሚስትና ልጅ ስለነበረው ከተማዋ እንዳትቃጠል አድርጎ ወጣ የሚል ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን የፖለቲካ ጠብ ነበር፤ የምክር ቤት አባሉ ፍሎሮ ክሪሶሎጎ ጥቅምት 1970 በዚያው ካቴድራል ውስጥ በጥይት ተገደለ፣ ከተማዋም ለብዙ ጊዜ የሚፈሯት ሆነች። የታሰበበት ጥበቃ የመጣው ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ነው፦ የከተማ ደንብ፣ ለማንኛውም ጥገና ፈቃድ፣ በዋናው መንገድ መኪና መከልከል። በ2010 ዩኔስኮ በቪጋን ላሉ የቤት ባለቤቶች የጥገና መመሪያ አዘጋጀ። በ2012 ደግሞ ከተማዋን በቅርስ አስተዳደር አርአያነቷ ሸለማት።

ሽልማቱ ግን ሁለት ችግር አልፈታም። አንደኛው ውርስ ነው። አንድ ቤት ለልጅ ልጅ ሲተላለፍ ባለቤቶቹ ይበዛሉ፣ ግማሾቹ ውጭ አገር ናቸው፣ ለአንድ ምሰሶ ጥገና የሁሉም ፈቃድ ይፈለጋል፤ ምሰሶው ግን ፊርማ እስኪሟላ አይጠብቅም። ሁለተኛው እንጨት ነው። ከ2011 ጀምሮ በፊሊፒንስ ከተፈጥሮ ደን ዛፍ መቁረጥ ታግዷል፤ እገዳው ተገቢ ነው። ስለዚህ እንደ ሞላቬና ናራ ያለ ጠንካራ እንጨት የሚገኘው በአብዛኛው ከፈረሰ ሌላ አሮጌ ቤት ነው። አንዱን ለማዳን የሌላው መፍረስ ይጠበቃል። ከዚህ የተነሣ ጥሩ አናጢ ምሰሶን ሙሉ በሙሉ አይቀይርም፦ የበሰበሰውን እግር ብቻ ቆርጦ፣ ከምሰሶው ስፋት ሦስት እጥፍ በሚረዝም ሰያፍ ግጥሚያ አዲስ እግር ይቀጥልለታል፣ ከታች ድንጋይ ያነጥፍለታል። እግሩን በአርማታ የቀበረ ግን በጥቂት ዓመት ውስጥ ተመልሶ ይመጣል።

ለሚሄዱ ጥቂት ነገር እንጨምር። ከማኒላ አውቶቡስ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይወስዳል፤ የሌሊቱ ይሻላል። በአውሮፕላን ላዋግ ደርሶ ወደ ደቡብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና መሄድም ይቻላል። ከኅዳር እስከ መጋቢት ደረቅ ነው። አንድ ሌሊት ማደር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ካልዬ ክሪሶሎጎ የሚታየው ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ ሱቆቹ ዕቃቸውን ሳያወጡ ነው። ከቀትር በኋላ ግርጌው በሸቀጥ ስለሚሸፈን ግድግዳ ማየት አይቻልም። የቤት ውስጡን ለማየት በ1830 የተሠራው፣ የፊሊፒንስ ፕሬዝዳንት የነበሩት የኪሪኖ ሚስት ቤተሰብ የሆነው የሲኪያ ቤት አለ፤ ሳላውን (የእንግዳ መቀበያ አዳራሹን) ካዩ በኋላ አሶቴያ ወደሚባለው ክፍት የጓሮ ሰገነት መውጣት አይርሱ፣ ወጥ ቤቱና ውሃው ያሉት በዚያ ነው። በ1807 በሸንኮራ አገዳ መጠጥ ላይ በተጣለው እገዳ የተነሣውን አመፅ የሚያሳዩት 14 ሥዕሎችም በብሔራዊ ሙዚየሙ አሉ። ሥዕሎቹ የተሣሉት በ1821 ሲሆን የያኔውን ከተማ ያሳያሉ።

ጽሑፋችሁ ያመሰገነው በፕላዛ ቡርጎስ የሚሸጠው ኢምፓናዳ እውነትም ይጥማል። ነገር ግን ውስጡ ካለው ፓፓያና እንቁላል ጋር ሎንጋኒሳ የሚባል የአሳማ ቋሊማ አለበት፤ ይህን ሳይጽፉ ለአገራችን አንባቢ መጠቆም ጥሩ አይደለም። ያለ ሥጋ እንዲሠራ ማዘዝ ይቻላል፤ የሚጠበሰው ግን በዚያው ዘይት ነው።

ፎቶውን ሌላ ጊዜ የምታወጡት ከሆነ፣ ከሥሩ «ልስኑ የረገፈ ግድግዳ» ቢባል ይበቃል።

ከአክብሮት ጋር፣
በአሮጌ ሕንፃዎች ጥገና ሥራ ላይ ያለን አንባቢዎቻችሁ፣ አዲስ አበባ